የሃንደል «ሴሜሌ» ኦፔራ ነው ወይስ ኦራቶሪዮ?

ጥያቄ፦ «የሃንደልን ‹መሲሕ› በጣም ስለምወድ ሌላ ሥራውን ስፈልግ ‹ሴሜሌ› የሚባል አገኘሁ። በአንዱ ቪዲዮ ዘፋኞቹ ጥቁር ለብሰው፣ ኖታ ይዘው፣ ቆመው ይዘፍናሉ። ከሥሩ ‹ኦራቶሪዮ› ይላል። በሌላው አልጋ አለ፣ አልባሳት አለ፣ መሳሳም አለ። ከሥሩ ‹ኦፔራ› ይላል። ሙዚቃው ግን ያው ነው። ታሪኩ ደግሞ የግሪክ አማልክት ፍቅር ስለሆነ መንፈሳዊ ነገር አላየሁበትም። የትኛው ነው ትክክል? ሃንደል ራሱስ ምን ብሎ ነው የጠራው?»

መልስ፦

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ሴሜሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ላይ የቀረበው በ1744 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የወጣው ማስታወቂያ ሥራው «በኦራቶሪዮ ወግ» እንደሚቀርብ ይናገራል። ልብ ብለው ያንብቡት። ኦራቶሪዮ ነው አይልም። ኦፔራ ነውም አይልም። የሚናገረው ስለ አቀራረቡ ብቻ ነው።

እኔ በአጭሩ ስመልስ እንዲህ እላለሁ። ድርሰቱ የኦፔራ ነው፤ አቀራረቡ የኦራቶሪዮ ነበር። ሁለቱም ቪዲዮዎች ትክክል ናቸው። ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆም ዋናው ነገር ያመልጠናል። ሃንደል ይህን ሙዚቃ የጻፈው ዘፋኞቹ ከቦታቸው እንደማይንቀሳቀሱ እያወቀ ነው። ይህ እውቀት ሙዚቃው ውስጥ ገብቷል። የትኛው ቦታ ላይ እንደገባ ላሳይዎት ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ስለ ልዩነቱ ትንሽ። በሃንደል ዘመን ኦፔራ ማለት ቲያትር ነው። ዘፋኙ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ለብሶና ተውቦ ይተውናል። መጋረጃው ይቀያየራል፣ አምላክ በገመድ ታስሮ ከደመና ይወርዳል። ለንደን ውስጥ ቋንቋው ጣልያንኛ ነበር። ኮከቦቹ ካስትራቶዎች፣ ማለትም በልጅነታቸው ተኮላሽተው ድምፃቸው ሳይጎረንን የቀሩ ወንዶች ነበሩ። ክፍያቸው ሰማይ የነካ ነበር። ኦራቶሪዮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይዞ ይመጣል። እሱም ገጸ ባሕርያት አሉት። ሳኦል ይቀናል፣ ደሊላ ታባብላለች። ግን ማንም አይተውንም፤ ቆሞ መዝፈን ብቻ ነው። ለንደን ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ፣ ኳየሩም ትልቅ ድርሻ አገኘ።

ከዚህ ውጭ ያለው ግን የጋራ ነው። ታሪኩን የሚያስኬደው ንግግር መሰል ዜማ፣ ሬሲታቲቭ የሚባለው፣ በሁለቱም አለ። ስሜቱን የሚዘረግፈው አሪያም በሁለቱም አለ። ዓይንዎን ጨፍነው አንድ የሃንደል አሪያ ቢሰሙ ከኦፔራ ይምጣ ከኦራቶሪዮ ለመለየት ይቸገራሉ። በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎችም እንቸገራለን። ሃንደል ራሱ ዜማ ከአንዱ ወስዶ ሌላው ውስጥ ሲከት ምንም አይጨንቀውም ነበር።

ሁለቱ ከልደታቸው ጀምሮ የተቀላቀሉ ናቸው። በ1600 ኤሚሊዮ ዴ ካቫሊዬሪ የተባለ ሰው ሮም ውስጥ የነፍስንና የሥጋን ክርክር በሙዚቃ አቀረበ። ቦታው ፊሊፖ ኔሪ የመሠረተው ማኅበር የጸሎት አዳራሽ ነበር። ሥራው መንፈሳዊ ነው፤ ነገር ግን አልባሳትና ትወና ነበረው። እስከ ዛሬ አንዳንዱ ጸሐፊ የመጀመሪያው ኦራቶሪዮ ይለዋል፣ ሌላው ከቀደምት ኦፔራዎች ይቆጥረዋል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ወጣቱ ሃንደል ሮም ገባ። በዚያን ጊዜ በከተማዋ በጳጳሱ ክልከላ የሕዝብ ኦፔራ ቆሟል። መኳንንቱና ካርዲናሎቹ ግን የሙዚቃ ረሃብ ነበረባቸው። ስለዚህ በኦፔራ ቋንቋ የተጻፈ ድራማ በኦራቶሪዮ ስም ይሰሙ ነበር። በ1708 የፋሲካ ዕለት በማርኪስ ሩስፖሊ ቤተ መንግሥት የሃንደል «ትንሣኤ» ቀረበ። ቫዮሊኖቹን የመራው ስመ ጥሩው ኮሬሊ ነበር። መድረኩ በሥዕል አጊጧል። መልአክና ሉሲፈር ፊት ለፊት ይሟገታሉ። መግደላዊት ማርያምን የዘፈነችው ማርጋሪታ ዱራስታንቲ ነበረች። ይህን የሰሙት ጳጳሱ ክሌመንት 11ኛ ሴት በመንፈሳዊ ሥራ ላይ መዝፈኗን ነቀፉ። በማግሥቱ ቦታዋን ካስትራቶ ያዘው።

ሃንደል ያን ጊዜ ገና 23 ዓመቱ ነው። በኦፔራና በኦራቶሪዮ መሃል ያለውን መስመር የሚያሰምረው ሙዚቃው ሳይሆን ባለሥልጣኑ እንደሆነ በዚያ ዕድሜው በዓይኑ አይቷል ማለት ነው።

ለንደን ላይም ያው ነገር ተደገመ። በ1732 መጀመሪያ በርናርድ ጌትስ የተባለ የሙዚቃ መምህር የንጉሡን ጸሎት ቤት ልጆች ይዞ የሃንደልን «አስቴር» አቀረበ። ቦታው ክራውን ኤንድ አንከር የሚባል መጠጥ ቤት ነው። ልጆቹ ለብሰው ተወኑት። ሰዉ ወደደው። ሥራው ወደ ትልቁ የኦፔራ ቤት ይዛወር የሚል ሐሳብ ሲመጣ ግን የለንደኑ ጳጳስ ኤድመንድ ጊብሰን አሻፈረኝ አሉ። የጸሎት ቤቱ ልጆች በእሳቸው ሥር ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ቲያትር ቤት ውስጥ መተወን አይቻልም አሉ።

ሃንደል አልተሟገተም። በመድረኩ ላይ ምንም ትወና እንደማይኖር፣ ቤቱም ለተመልካች በጨዋ ደንብ እንደሚዘጋጅ የሚገልጽ ማስታወቂያ ወጣ። በሜይ 1732 አስቴር ቆመው በሚዘፍኑ ዘፋኞች ቀረበ። ሰዉ ጎረፈ። የእንግሊዝኛ ኦራቶሪዮ ዛሬ የምናውቀውን መልኩን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ለዚህ ነው ዘፋኞቹ ለምን ቆመው ይዘፍናሉ ለሚል ሰው ስለ ሥነ ጥበብ ከማውራቴ በፊት ስለ ጳጳሱ የምነግረው።

ቀስ በቀስ ገንዘቡም ወደዚያው ገፋው። የጣልያንኛ ኦፔራ ዕዳ የሚያመጣ ንግድ ሆኖ ነበር። ሃንደል የመጨረሻውን የጣልያንኛ ኦፔራ በ1741 አቅርቦ ተወው። ኦራቶሪዮ አልባሳት አይፈልግም፣ መጋረጃ አይፈልግም፣ ከጣልያን የሚመጣ ካስትራቶም የግድ አያስፈልገውም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ቲያትር ቤቶች ተውኔት ስለማያሳዩ ባዶ ናቸው። ኦራቶሪዮ ግን በእነዚያ ምሽቶች ይፈቀዳል። ሃንደል ያን ክፍት ቦታ ሞላው። «ሳምሶን»ና «መሲሕ» ለንደን ላይ የተሰሙት በዚህ ወግ ነው።

አሁን ወደ ሴሜሌ እንምጣ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ሴሜሌ የቴቤ ንጉሥ ካድሞስ ልጅ ናት። አታማስ ለሚባል መስፍን ልትዳር በጁኖ ቤተ መቅደስ ቆማለች። ልቧ ግን የአማልክት ንጉሥ ጁፒተር ጋ ነው። ሠርጉ መሃል ነጎድጓድ ይመጣል፣ የመሠዊያው እሳት ይጠፋል። ጁፒተር በንስር አስነጥቆ ይወስዳታል። የጁፒተር ሚስት ጁኖ በቅናት ትነዳለች። የእንቅልፍን አምላክ ሶምነስን አባብላ የሴሜሌን ጠባቂዎች ታስተኛለች። ከዚያ የሴሜሌን እህት የኢኖን መልክ ይዛ ትመጣና ምክር ትሰጣታለች። «ጁፒተር በሰው አምሳል እየመጣ ያታልልሻል፤ በእውነተኛ መልኩ ይምጣ ብለሽ አስምይው፤ ያን ጊዜ አንቺም የማትሞቺ ትሆኛለሽ» ዓይነት ምክር ነው። ሴሜሌ ታምናለች። ጁፒተር ይምላል። የአምላክ መሐላ አይታጠፍም። በመብረቁ ሲገለጥ ትቃጠላለች። ከአመዷ የወይን አምላክ ባኮስ ይወለዳል።

ታሪኩ የጥንቱ ሮማዊ ገጣሚ የኦቪድ ነው። ግጥሙን የጻፈው ዝነኛው ጸሐፌ ተውኔት ዊልያም ኮንግሪቭ ነው። የጻፈውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ፣ ጆን ኤክልስ ለተባለ ሙዚቀኛ፣ በግልጽ ኦፔራ እንዲሆን ብሎ ነው። ኤክልስ ሙዚቃውን ጨረሰው፤ ነገር ግን በዘመኑ መድረክ ሳያይ ቀረ። ሃንደል ያንን ግጥም አንስቶ ከጁን 3 እስከ ጁላይ 4 ቀን 1743፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሙዚቃ ሠራለት።

ከዚያ መቼ አቀረበው? ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1744፣ ዓርብ፣ ኮቬንት ጋርደን ቲያትር። በእነሱ አቆጣጠር ዐቢይ ጾም የገባው በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው። ሁዳዴ ሲገባ እኛ ዘንድ ሠርግና ዘፈን ቀጥ እንደሚል ያስቡት። ሰው በዚያ ሰሞን ከሃንደል የሚጠብቀው ሌላ ሳምሶን፣ ሌላ ሳኦል ነው። የመጣለት የጁፒተር ውሽማ ሆነች።

የተሰማውን ቅሬታ ከሜሪ ዴላኒ ደብዳቤዎች እናውቃለን። ዴላኒ የሃንደል ወዳጅና አድናቂ ነበረች። ሴሜሌን ደጋግማ ሰምታ ወደደችው። ባሏ ግን ቄስ ነው፤ ታሪኩ ዓለማዊ ስለሆነ መሄድ አይገባኝም አለ። ይህ ቄስ ከሁለት ዓመት በፊት ደብሊን ላይ መሲሕን ሰምቶ ልቡ ተነክቶ፣ ለአንዷ ዘፋኝ ኃጢአትሽ ሁሉ ይሰረይልሽ ብሎ ከመቀመጫው ጮኸ የሚባልለት ፓትሪክ ዴላኒ ነው። ሃንደልን የማይወድ ሰው አልነበረም ማለት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የጣልያንኛ ኦፔራ ደጋፊዎች ነበሩ። ሃንደል ለእነሱ መጻፍ ትቶ በእንግሊዝኛ ኦፔራ የሚመስል ነገር ማምጣቱ አበሳጫቸው። ዴላኒ የኦፔራ ሰዎች በሙሉ በሃንደል እንደተቆጡ ጽፋለች።

በዚህም በዚያም ወገን አጣ። ሴሜሌ በዚያ ጾም 4 ጊዜ ቀረበ። በዓመቱ መጨረሻ ዲሴምበር ላይ፣ ከቀድሞ የጣልያንኛ ኦፔራዎቹ አሪያ ጨማምሮበት 2 ጊዜ ሞከረው። ከዚያ በኋላ ሃንደል በሕይወት እስካለ ድረስ ዳግመኛ አልተሰማም።

የስሙ ክርክርም የጀመረው ያኔውኑ ነው። የሃንደል የመጀመሪያው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ጆን ሜይንዋሪንግ በ1760 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሴሜሌ ኦራቶሪዮ ተብሎ የቀረበ የእንግሊዝኛ ኦፔራ ነው ብሎ ጻፈ። ቻርልስ ጄነንስ መጽሐፉን ሲያነብ ኅዳጉ ላይ የራሱን ፍርድ ጨመረ። ኦራቶሪዮ አይደለም፣ ባለጌ ኦፔራ ነው የሚል ነው። ጄነንስ እርስዎ የሚወዱትን የመሲሕን ጥቅሶች ከመጽሐፍ ቅዱስ መርጦ ያሰናዳ ሰው ነው። መከፋቱ ይገባኛል። ኦራቶሪዮን የእምነት መሣሪያ አድርጎ ነበርና የሚያየው።

እንግዲህ ማስረጃውን ከሙዚቃው እንፈልግ።

ኦፔራ ነው የሚያሰኘው የቱ ነው? ገጸ ባሕርያቱ። የኦራቶሪዮ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቆም ብለው ያስባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያዝናሉ። የሴሜሌ ሰዎች ሰው ላይ ሥራ ይሠራሉ። ያባብላሉ፣ ያታልላሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይደራደራሉ። ጁኖ ስትገባ ያለውን ይስሙ። በኦርኬስትራ በታጀበ ሬሲታቲቭ ራሷን «ንቂ!» ብላ ታነሳሳለች። ከዚያ መልእክተኛዋን አይሪስን አጣድፋ በሚሮጥ አሪያ ወደ እንቅልፍ አምላክ ይዛት ትሄዳለች። እዚያ ሲደርሱ ሙዚቃው ይከብዳል፣ ይወፍራል፣ ዓይኑን ይከድናል። ሶምነስ መነሳት አይፈልግም፤ ብርሃኑን አጥፉልኝ ይላል። ጁኖ የሚወዳትን የፓሲቴያን ስም ስትጠራለት ብቻ ብድግ ይላል። አስቂኝ ትዕይንት ነው። ሙዚቃው ትዕይንቱን ሙሉ በሙሉ ያያል፤ አድማጩም ያየዋል።

የመስታወቱ አሪያ ደግሞ አለ። ጁኖ፣ ኢኖን መስላ፣ ለሴሜሌ አስማተኛ መስታወት ትሰጣታለች። ሴሜሌ ራሷን አይታ በራሷ ፍቅር ትወድቃለች። አንድ ሐረግ ትዘፍናለች፣ ቫዮሊኖቹ ተቀብለው ያንኑ መልሰው ይሰጧታል። እንደገና ትዘፍናለች፣ እንደገና ይመልሱላታል። መስታወቱ ኦርኬስትራው ውስጥ ነው። ልጅቷ ምስሏን አይታ አትጠግብም፣ አሪያውም ማለቅ አይፈልግም። የመድረክ ሰው እጇ ላይ መስታወት ሊሰጣት ይችላል። ሃንደል ግን ያለ መስታወት የሚታይ አድርጎ ነው የሠራው። ትወና እንደሌለ እያወቀ ጻፈ ያልኩት እንዲህ ያለውን ነው። ዓይን የሚያጣውን ጆሮ እንዲያገኘው አድርጓል።

የዚያን ምሽት አድማጭ በእጁ የግጥሙ መጽሐፍ ነበረው። በመጽሐፉ ውስጥ የኮንግሪቭ የመድረክ መመሪያዎች ታትመዋል። ጁፒተር በደመና ይወርዳል፣ መብረቅ ከግራና ከቀኝ ይበርቃል፣ ይላል። ኮቬንት ጋርደን መድረክ ላይ ግን አንድም ደመና የለም። አዳራሹ መብራቱ እንዳለ ነው፤ ሰው መጽሐፉን ያነባል፣ ዘፋኙን ይሰማል፣ ትዕይንቱን በልቡ ይሥላል። ይህ ጥንቅቅ ብሎ የታሰበበት የአደማመጥ መንገድ ነበር። እኔ ጉድለት አልለውም።

ድምፆቹንም ይመልከቱ። የጣልያንኛ ኦፔራ ቢሆን ኖሮ ጁፒተር ካስትራቶ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ቴነር፣ ማለትም ቀጭን የወንድ ድምፅ ነው፤ ዘፋኙም እንግሊዛዊው ጆን ቢርድ። ሴሜሌን ፈረንሳይ ተወላጇ ኤሊዛቤት ዱፓርክ ዘፈነች። በጣም ደስ የሚለኝ ግን አስቴር ያንግ ጁኖንም ኢኖንም መዝፈኗ ነው። ጁኖ ኢኖን መስላ የምትመጣበት ታሪክ ውስጥ ሁለቱን አንድ ሴት ስትዘፍናቸው ማታለሉ ያለ ምንም ልብስ ይሠራል።

ለቢርድ ድምፅ የተጻፈው የጁፒተር አሪያ ከሥራው በሙሉ ታዋቂው ነው። የትም ብትሄጂ ቀዝቃዛ ነፋስ ያራግብልሻል፣ የትም ብትቀመጪ ዛፎች ተጠጋግተው ጥላ ይሆኑሻል ይላታል። ግጥሙ የኮንግሪቭ አይደለም፤ ከገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ የተወሰደ ነው። ዛሬ በየሠርጉና በየድምፅ ፈተናው ስለሚዘፈን ሰው የዋህ የፍቅር ዜማ ያደርገዋል። ቦታው ላይ ሲሰሙት ግን ሌላ ነገር ነው። ሴሜሌ የማትሞት መሆን እንደምትመኝ ጁፒተር ገና መረዳቱ ነው። ደንግጧል። እህቷን አስመጥቶላት፣ ቦታውን ገነት አድርጎላት፣ ሐሳቧን ሊያስለውጣት ይፈልጋል። ያ ሁሉ ውበት ማዘናጊያ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚጽፍ ሰው የተውኔት ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ጄነንስ አልተሳሳተም።

ኦራቶሪዮ ነው የሚያሰኘው ደግሞ አለ። ኳየሩ ነው።

በጣልያንኛ ኦፔራ «ኳየር» ማለት ብዙውን ጊዜ ዋነኞቹ ዘፋኞች መጨረሻ ላይ ተሰብስበው የሚያሰሙት አጭር ዝማሬ ነው። በኮንግሪቭ ግጥምም የኳየሩ ቦታ ጠባብ ነበር። ሃንደል አሰፋው። ካህናቱ በሠርጉ ላይ መልካም ምልክት ይለምናሉ። ነጎድጓዱ ሲመጣ ይደነግጣሉ፣ ሠርጉን አቁሙ ይላሉ። በሁለተኛው ክፍል ያው ኳየር የፍቅር መናፍስት ሆኖ ይዘፍናል። ሦስተኛው ላይ ተመልሶ የቴቤ ሕዝብ ይሆናል። ቆሞ የሚዘፍን ኳየር ብቻ ነው እንዲህ ያለ ችግር ማንነቱን የሚቀያይረው። ልብስ መቀየር የለ፣ መውጣት መግባት የለ።

አጻጻፉም ያንን ይናገራል። ድምፆቹ እየተከታተሉና እየተጠላለፉ የሚገቡበት ሙዚቃ ነው። ይህን በቃል ይዞ፣ እየሮጡና እየወደቁ መዝፈን ፈተና ነው። ሴሜሌን መድረክ ላይ የሚያወጡ አዘጋጆችን ሁሉ የሚያስጨንቃቸው ኳየሩን ምን እናድርገው የሚለው ነው። ሃንደል ያን ጥያቄ መመለስ አልነበረበትም። ኖታ በእጃቸው ነው፣ ቆመዋል፣ ያሻውን ያህል አወሳሰበው።

ሁለቱ ዓለማት የሚገናኙት መጨረሻው አካባቢ ነው። ሴሜሌ ጁፒተር እውነተኛ መልኩን እንዲያሳያት ስትጠይቅ የምትዘፍነው አሪያ፣ ከዚህ ያነሰ አልቀበልም የምትልበት፣ በሚንጣጣ ጌጥ የተሞላ ነው። እዚህ ሴትዮዋ ሙሉ በሙሉ የኦፔራ ንግሥት ናት። ከዚያ መብረቁ ይመጣል። የሞቷ ሙዚቃ አሪያ እንኳን አይደለም። ትዕቢቴ ዘግይቶ ገባኝ ትላለች። ያ ሁሉ ጌጥ የለም። ቃላቱ ይቆራረጣሉ፣ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል፣ ያልቃል። ወዲያው ኳየሩ ይገባል። ተፈጥሮ ለእያንዳንዱ የተገባውን ቦታ ሰጥታዋለች፤ ያን የሚተው እንደሚወድቅ ኮከብ ይጠፋል ይላል። አንዲት ሴት ሞታ ሕዝብ ሲደነግጥ፣ የደነገጠው ደግሞ ወደ ራሱ ሲያይ ይሰማል። ይህ የሳኦልና የሳምሶን ኳየር ነው። ኦፔራ እንዲህ ያለ ክብደት ከኳየር አያገኝም ነበር በዚያ ዘመን።

ስለዚህ መንፈሳዊ ነገር አላየሁበትም ላሉት፣ ልክ ነዎት፤ መንፈሳዊ አይደለም። ነገር ግን የመንፈሳዊ ኦራቶሪዮን ዋና መሣሪያ ወስዶ ዓለማዊ ታሪክ ላይ አውሎታል። ሴሜሌን ከተራ የውሽምነት ተረት የሚያወጣው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሃንደል ከዚያ በኋላም ድንበሩ ላይ ሠርቷል። በቀጣዩ ዓመት 1745 «ሄርኩለስ»ን አቀረበ፣ ስሙንም የሙዚቃ ድራማ አለው። እሱም በገቢ ወደቀ። በ1750 የመጣው «ቴዎዶራ» ግን ስለ ክርስቲያን ሰማዕታት ነው፤ ያንን ያለ ምንም ማመንታት ኦራቶሪዮ እለዋለሁ። ዛሬ ሦስቱም በትወና ይቀርባሉ። ለቴዎዶራ በእንግሊዙ የግላይንድቦርን የኦፔራ ፌስቲቫል በ1996 የተሠራው ዝግጅት ብዙ ሰው ሐሳቡን እንዲቀይር አድርጓል። ሆኖም ከሦስቱ ትወናው በግድ የተጫነ የማይመስለው ሴሜሌ ላይ ነው።

ሴሜሌ በትወና ለመታየት 1925ን መጠበቅ ነበረበት። ያ የሆነው ካምብሪጅ ነው። ኮቬንት ጋርደን፣ መጀመሪያ ቆመው የዘፈኑበት ቤት ስም የያዘው ቲያትር፣ በ1982 በሙሉ ትወና አቀረበው። አዘጋጁ ሮበርት ካርሰን በ1996 ለፈረንሳዩ የኤክስ አን ፕሮቫንስ ፌስቲቫል ያዘጋጀው ብዙ አገር ዞሯል። እሱ ውስጥ ጁኖ የእንግሊዟን ንግሥት ኤልሳቤጥን ትመስላለች። በ2009 ደግሞ ቻይናዊው ሠዓሊ ጃንግ ሁዋን ብራስልስ ላይ እውነተኛ የሚንግ ዘመን የእንጨት ቤተ መቅደስ መድረኩ ላይ ተክሎ አቀረበው። ያዩት አልጋ ያለበት ቪዲዮ ከየትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ከየትም ይሁን ሃንደልን የበደለ አይደለም። የኮንግሪቭን ግጥም ወደ ተጻፈለት ቦታ መልሶታል።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። ትወና ያለበትን ከማየትዎ በፊት፣ ቆመው የሚዘፍኑበትን ግጥሙን በእጅዎ ይዘው ይስሙት። ግጥሙ በነጻ ይገኛል፤ የመድረክ መመሪያዎቹም አብረው ያሉበትን ይፈልጉ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሴሜሌ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ ሕልሟ ጥሏት እንደሄደ የምታለቅስበት አጭር አሪያ አለ። ጥቂት መሣሪያዎች ብቻ ያጅቧታል። አብዛኛው የዘመኑ አሪያ የመጀመሪያውን ክፍል መልሶ ይደግማል፤ ይህኛው አይደግምም። አንዴ ብሎ ያበቃል። መድረክ ላይ እዚህ ጋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደረጋል፤ አንሶላ ይሳባል፣ መብራት ይቀየራል። ሲዘፍኑት ቆመው ከሆነ ምንም አይደረግም፣ እሷ ብቻ ናት። ያንን ከሰሙ በኋላ ወደ ሁለተኛው ቪዲዮ ይሂዱ። ሙሉውን ለመስማት ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያስፈልግዎታል፤ ሦስት ክፍል ስለሆነ በሦስት ምሽት ቢከፋፍሉትም ምንም አይጎድልበትም።